መደርደሪያዬ መሃሉ ጎበጠ፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጀሞ ኮንዶሚኒየም የምኖር መምህርት ነኝ። ሳሎኔ ውስጥ በሁለት ኮለን መሃል ወደ ውስጥ ገባ ያለ ቦታ አለ። ስፋቱ 1 ሜትር ከ30፣ ጥልቀቱ 25 ሳንቲም ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት በ18 ሚሊ ቺፑድ አራት የመጽሐፍ መደርደሪያ አሠራሁበት። አሁን አራቱም መሃላቸው ሁለት ጣት ያህል ወርዷል። የሠራልኝ ልጅ «ቺፑዱ ነው የማይረባው፣ ወፍራም ኤምዲኤፍ እንግዛ» ይለኛል። ብሩን ሳላወጣ እርስዎን ልጠይቅ ብዬ ነው።

መልስ፦ መምህርት፣ ብርዎን አያውጡ። ቺፑዱ ምንም አልበደለም። ከአቅሙ በላይ ርቀት ነው የተሰጠው። ኤምዲኤፍም ቢገዙ ከባድ ስለሆነ ከመጽሐፉ በፊት የራሱን ክብደት ይሸከማል፤ እሱም ይጎብጣል።

አንድ ሜትር ሙሉ የተደረደረ መጽሐፍ 25 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ሩብ ኩንታል ጤፍ ማለት ነው። የእርስዎ መደርደሪያ ከዚያም አልፏል። ያንን ጭነት ቺፑዱ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ቀንም ሌሊትም፣ ጫፍና ጫፉን ብቻ ተይዞ ተሸከመው። እንጨት ደግሞ ጭነት ሲቆይበት ቀስ እያለ ይለምደዋል፤ መጽሐፉን ቢያወርዱለትም ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ቺፑድ ላይ ይሄ ነገር ይብሳል። እኔ 18 ሚሊ ቺፑድ መጽሐፍ የሚጫንበት ከሆነ ከ60 ሳንቲም በላይ ያለ ድጋፍ አላስኬደውም። ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ጉብጠቱ በእጥፍ አይደለም የሚጨምረው፣ 16 እጥፍ ነው።

ይሄን በእጅዎ ይዩት። የ30 ሳንቲም ማስመሪያዎን በሁለት መጽሐፍ ላይ አጋድመው መሃሉን በጣትዎ ይጫኑት። ወዲያው ይለመጣል። አሁን ያንኑ ማስመሪያ በቀጭን ጎኑ አቁመው ይጫኑት። ንቅንቅ አይልም። ማስመሪያው ያው ነው፤ የተለወጠው አቋቋሙ ነው።

እኔ ይሄን የተማርኩት ከተጎዳሁ በኋላ ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ለአጎቴ 1 ሜትር ከ40 የሆነ መደርደሪያ ሠራሁለት። በዓመቱ ለፋሲካ ስሄድ መሃሉ ተንጠልጥሎ አየሁት። አጎቴ አንድም ቃል አልተናገረኝም፤ ከሥሩ ቆርቆሮ ጣሳ አስደግፎበት ነበር። ያን ቀን ዶሮ ወጡ አልወረደልኝም። ለአለቃዬ ስነግረው ከወለሉ ላይ አንድ ቁራጭ ጣውላ አንስቶ አቆመና «ይቺን ከፊት ለፊቱ ለጥፍለት» አለኝ። እስካሁን የምሠራው እንደዚያ ነው።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ መደርደሪያ 2 ሳንቲም ውፍረት፣ 5 ሳንቲም ቁመት ያለው ደረቅ የጣውላ ቁራጭ ያዘጋጁ። ዋንዛ ወይም ዝግባ ቢገኝ ደስ ይለኛል፤ የቤት ዕቃ ቤቶች ቁራጩን በርካሽ ይሸጣሉ። እርጥብ ባሕር ዛፍ ግን እንዳይቀበሉ፣ ሲደርቅ ይጣመማል። ቁራጩን ከቺፑዱ የፊት ጠርዝ ጋር በቁሙ፣ በኮላና በብሎን ያጣብቁት። ይቺ ጠባብ እንጨት ለብቻዋ ከሰፊው ቺፑድ አምስት እጥፍ ያህል ጉልበት አላት። ከፊት ሲያዩትም መደርደሪያው ወፍራምና ያማረ ይመስላል።

ፊቱ በዚህ ይያዛል። ኋላው ደግሞ ግድግዳው ላይ ይረፍ። በኋላው ግድግዳና በሁለቱ ኮለን ላይ 2 በ4 ሳንቲም የሆነ እንጨት ዙሪያውን በውኃ ልክ እያዩ ይምቱ፤ ቺፑዱ እሱ ላይ ይቀመጣል። አሁን ጫፍና ጫፉን የያዙትን ትንንሽ ፒኖች ይርሷቸው።

እዚህ ላይ ልጁ ይጠንቀቅ። ኮለኑ ኮንክሪት ነው፣ ፊሸር (ብሎኑ የሚገባበት ፕላስቲክ) አጥብቆ ይይዛል። ድሪሉ ብረት ካገኘ ግን አይታገለው፤ ሁለት ሳንቲም ፈቀቅ ብሎ ሌላ ይብሳ። የኋላው ግድግዳ ብሎኬት ነው፣ ውስጡ ባዶ ነው። እዚያ ድሪሉን መዶሻው ላይ (እየመታ እንዲበሳ) ካደረገው ብሎኬቱ ከውስጥ ይፈርሳል፤ ፊሸሩም ቀዳዳው ውስጥ ይሽከረከራል። መዶሻውን አጥፍቶ ቀስ ብሎ ይብሳ። የሚሽከረከር ካጋጠመው በሲሚንቶ ይድፈነውና በማግስቱ ይመለስበት። በየ40 ሳንቲሙ አንድ ብሎን ይበቃል።

ልኩን አንድ ቦታ ብቻ እንዳይወስድ። ልስን ሁሌም ያታልላል፤ ታች 1 ሜትር ከ30 የሆነው ላይ 1 ሜትር ከ28 ሊሆን ይችላል። አራቱንም ለየብቻ፣ ከፊትም ከኋላም ይለካ።

አዲስ ቺፑድ መግዛትም የለብዎትም። መሃሉ ካልተሰነጠቀ የጎበጠውን ገልብጡት። ሆዱ ወደ ላይ ይሆናል። ከዚያ ቀጥ ያለውን ጣውላ ከጠርዙ ጋር በክላምፕ ጨምቃችሁ ከመሃል ወደ ጫፍ እያሰራችሁ ሂዱ፤ ጣውላው ቺፑዱን ያቃናዋል። ኮላው አንድ ሌሊት ይደር። መጽሐፍ ስትመልሱ ትልልቆቹን መዝገበ ቃላትና ጥራዝ ከታች፣ ለዚያውም ኮለኑ አጠገብ አድርጓቸው።