ያላሳረፈ ሆቴልና የቀረው መንገድ

ጥያቄ፦ ረጅም መንገድ ነድተን ወደ ቤት ስንመለስ አንድ ሌሊት ሆቴል አደርን። ሻወሩ ቀዝቃዛ፣ ክፍሉ ከአሳንሰሩ አጠገብ ነበር፤ እንቅልፍ የሚባል አልነበረም። ጠዋት ሂሳብ ይቀነስልን ብንል «ማታ ለምን አልነገራችሁንም?» አሉን። ገና 600 ኪሎ ሜትር ይቀረን ነበር። ምን ማድረግ ነበረብን?

መልስ፦ መልሳቸው ቢያናድድም እውነት አለው፤ የታደረበት ክፍል ተሸጧል፣ የማታው ተረኛ ግን የባዶ ክፍል ቁልፍ ነበረው። ስለዚህ ሻንጣውን ከመኪናው ሳያወርዱ ክፍሉን ይዩ። ሙቅ ውሃውን ሁለት ሦስት ደቂቃ ከፍተው ይጠብቁ፤ ከሩቅ ማሞቂያ የሚመጣ ውሃ ይዘገያል። ክፍሉ የራሱ ቦይለር ካለው ማብሪያውን ይፈልጉ። ብዙ ጊዜ ጠፍቶ ነው የሚገኘው፤ 50 ሊትር የሚይዝ 1500 ዋት ቦይለር ደግሞ ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጅበታል። እንዲያ ከሆነ ብልሽት አይደለም። ቀጥሎ በሩን ዘግተው አንድ ደቂቃ ዝም ብለው ያዳምጡ። ከአሳንሰርና ከደረጃ የራቀ፣ ከአዳራሽ በላይ ያልሆነ ክፍል ይጠይቁ። ካልተስማማዎት ፎቶ አንስተው የሚፈልጉትን በግልጽ ይናገሩ፦ ክፍል ይቀየር፣ ካልሆነ ዋጋ ይቀነስ። ክፍሉን በኢንተርኔት ይዘው ከሆነ ቅሬታውን በዚያው ሌሊት እዚያው ይጻፉት።

ከሂሳቡ ይልቅ የሚያሳስበው ግን መንገዱ ነው። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሴኮንድ 25 ሜትር ይጓዛል፤ ለአራት ሴኮንድ ማንጎላጀት ማለት 100 ሜትር ያለ አሽከርካሪ መሄድ ነው። መስኮት መክፈትና ሙዚቃ ማስጮህ እንቅልፍን አያባርርም። ቡና ጠጥቶ ወዲያው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ መተኛት ይሻላል፤ ካፌይኑ የሚሠራው ግማሽ ሰዓት ገደማ ቆይቶ ስለሆነ ሲነቁ ይደርስልዎታል። ከዚያ በላይ መተኛት ግን ድብት ያደርጋል። በየሁለት ሰዓቱ ይቁሙ ወይም ሹፌር ይቀይሩ፤ ከቀትር በኋላ ያሉት ሰዓታት በተለይ ያንገላጅጃሉ። እንዲህ እየቆሙ 600ውን ኪሎ ሜትር የዘጠኝ ሰዓት ጉዞ አድርገው ያስቡት። የጎማ ነፋስ የሚለካው ከመነሳትዎ በፊት ነው። መንገድ ላይ ሲሞቅ ግፊቱ ቢጨምር አያስተንፍሱት፤ ሲቀዘቅዝ ያንሳል።

ጥያቄ፦ ከሆቴል ከተመለስኩ በኋላ ሰውነቴን ያሳክከኛል። ትኋን ይዤ መጥቼ ይሆን?

መልስ፦ ንክሻው እስከ 14 ቀን ዘግይቶም ሊታይ ስለሚችል በእሱ ብቻ አይፍረዱ፤ ምልክቱን ሻንጣው ላይ ይፈልጉ። በስፌቱና በዚፑ ዙሪያ ጥቋቁር ነጠብጣብ፣ የተጣለ ቅርፊት ወይም 5 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚሆን ጠፍጣፋ ቡናማ ነፍሳት ካለ ሻንጣውን ከመኝታ ቤት ያውጡ። ልብሱን በላስቲክ አስረው ወደ ማጠቢያው ይውሰዱና በ60 ዲግሪ ይጠቡት። መታጠብ የማይችለውን፣ እርጥብ ካልሆነ፣ በማድረቂያ ማሽን ከፍተኛ ሙቀት ለ30 ደቂቃ ያዙሩት። ፀሐይ ላይ ማስጣት አይበቃም፤ ሙቀቱ እጥፋቱ ውስጥ አይደርስም። ሻንጣውን በቫኪዩም ይጥረጉ፣ የተጠራቀመውንም ወዲያው በላስቲክ አስረው ከቤት ውጭ ይጣሉት።