«ዘይት እንጨምርለታለን» የተባለለት ትራክተር

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከዶዶታ ነው። የራሴን፣ የወንድሞቼንና በኪራይ የያዝኩትን ጨምሮ 45 ሄክታር አርሳለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት ያገለገለ ማሲ ፈርጉሰን 290 ገዛሁ። የመጀመሪያውን ዓመት እንደ ጉድ አረሰ፤ ለጎረቤትም አከራየነው። አሁን ጉልበት የለውም፣ ባለ ሦስት ዲስክ ማረሻ ይከብደዋል። ጭስ ያበዛል። ዘይትም በየጊዜው እንጨምርለታለን። ከስንዴ አጨዳ ወዲህ ደግሞ ብሶበታል። ጋራዥ ወስጄው ሞተሩ ይውረድ አሉኝ። አዳማ ላይ አንድ ደላላ ሌላ ያገለገለ ትራክተር አሳየኝ። ቀለሙ አዲስ ነው፣ ጎማውም ጥሩ ነው። አብሮት አሮጌ ሎደር ይሸጣል። መንገድ ለማውጣት፣ ቁጥቋጦ ለማንሳትና ኩሬ ለመቆፈር ይሆነኛል ብዬ ነበር። ሁለቱንም ልግዛ ወይስ የድሮውን ላሠራ? እርሻው ደርሶብኛል።»

መልስ፦ ጋሼ፣ ለጊዜው ብሩ ኪስዎ ይቆይ።

ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንዲት ቃል አላስቀምጥ አለችኝ፤ «እንጨምርለታለን» የምትለዋ። «እንቀይርለታለን» አላሉም። በሦስት ዓመት ውስጥ የሞተር ዘይቱ ስንት ጊዜ እንደተቀየረ ቤተሰቡን ቢጠይቁ፣ አፉን ሞልቶ የሚመልስልዎ ያለ አይመስለኝም። የአየር ማጣሪያውን ደግሞ ጭራሽ አላነሱትም።

«ከስንዴ አጨዳ ወዲህ» ያሉትም ብዙ ይናገራል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ያ ትራክተር ምን ሲሠራ እንደከረመ እዚሁ ቁጭ ብዬ ይታየኛል። ተሳቢ ታስሮለት ኮምባይኑን እየተከተለ እህል ያመላልሳል። ገለባውና እብቁ ከላዩ ይዘንብበታል። የዶዶታን የበጋ አቧራ ለእርስዎ አልነግርዎትም። ሰው እንኳ አፍንጫውን በጋቢው ይሸፍናል። ትራክተሩ አፍንጫውን የሚሸፍንበት ያ የአየር ማጣሪያ ብቻ ነው።

ስለዚህ ግምቴ ይኸውልዎት፦ ሞተሩን ያሳመመው አቧራ ነው። ናፍጣ የሚረጨው ኖዝልም ሊሆን ይችላል፣ የነዳጅ ፖምፓም ሊሆን ይችላል። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠረጥረው አቧራውን ነው። ለማየትም ሳንቲም አያስወጣም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእርስዎ ማሲ ባለ አራት ሲሊንደር ፐርኪንስ ሞተር አለው፣ ይዘቱ 4 ሊትር ገደማ ነው። በደቂቃ 2000 ጊዜ እየዞረ ሲያርስ በሰዓት 200 ሺህ ሊትር ያህል አየር ይስባል። ያ ሁሉ አየር የሚገባው በአንድ ማጣሪያ በኩል ነው። ማጣሪያው ሲደፈን ሞተሩ ይታፈናል። ናፍጣው በደንብ አይቃጠልም፣ ጭሱ ይጠቁራል፣ ጉልበቱም ይጠፋል። ማጣሪያው አቧራ ማሳለፍ ከጀመረ ደግሞ ይብሳል። ደቃቁ አቧራ ከዘይቱ ጋር ተለውሶ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ፋሻውን (የፒስተኑን ቀለበቶች) እና ካሚቻውን (ፒስተኑ የሚመላለስበትን ሲሊንደር) ይፍቃቸዋል። ያን ጊዜ ዘይቱ ወደ ላይ እየወጣ ይቃጠላል፣ ጭሱም ሰማያዊ ይሆናል። የጭሱን ቀለም አልጻፉልኝም። እኔ ሥራ ላይ ጥቁር፣ ጠዋት ሲነሳ ሰማያዊ የሚል ነው ብዬ እወራረዳለሁ። ይህ ማለት ሁለቱም ተጀምረዋል ማለት ነው። የመጀመሪያው በአንድ ቅዳሜ ይድናል። ሁለተኛውን ባያድኑት እንኳ እንዳይብስ ያደርጉታል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ሁለት ሦስት ሊትር ናፍጣ፣ አንድ ሰፊ ሳፋ፣ ንጹሕ ነጭ ጨርቅና አዲስ የሞተር ዘይት ያዘጋጁ። ሾፌሩም እርስዎም አብራችሁ ብትሆኑ ይሻላል።

ሞተሩ ጠፍቶ ይቀዝቅዝ። የማሲ ማጣሪያ ዘይት ያለበትም የወረቀትም አለ፤ መጀመሪያ ዘይት ያለበትን እንይ። ከታች እንደ ጣሳ የተንጠለጠለ ዕቃ አለው። መቆለፊያውን ፈተው ጣሳውን ያውርዱት። ውስጡ ያለው ዘይት ቀጭን ከሆነና ከሥሩ ትንሽ ደለል ብቻ ካለ ደግ ነው። እንደ ሽሮ ወጥ ወፍሮ ካገኙት ግን ምስጢሩ ተገለጠ። ደለሉ አንድ ጣት ውፍረት ሳይሞላ መደፋት ነበረበት። ደፍተው፣ ፍቀው፣ በናፍጣ አጥበው ያድርቁት።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ስህተቱም እዚህ ነው። ከጣሳው በላይ ባለው አካል ውስጥ የሽቦ ወንፊት አለ። ገለባና እብቅ የሚሰገሰገው እዚያ ነው። ማጣሪያውን ሙሉውን ከትራክተሩ ፈተው ናፍጣ ውስጥ ይንከሩት፣ ያርገፍግፉት፣ እንደገና ይንከሩት። የሚወጣው ናፍጣ እስኪጠራ ድረስ አይሰልቹ። ከዚያ ተዘቅዝቆ በደንብ ይንጠፍ። ናፍጣው ሳይደርቅ ገጥመው ቢያስነሱት ሞተሩ እሱኑ ስቦ ከቁጥጥር ውጭ ሊጮህብዎ ይችላል። አየሩ መጀመሪያ የሚገባበትን የላይኛውን ቆብም አይርሱት። ወፍ ጎጆ ሠርታበት አይቻለሁ።

ጣሳውን ሲመልሱ አዲስ የሞተር ዘይት ይሙሉ፣ ግን እስከ ምልክቱ ብቻ። «ከበዛ ይሻላል» የሚሉ ሾፌሮች አሉ። አይሻልም። ከምልክቱ ካለፈ ሞተሩ ይስበዋል፣ ያጨሰዋልም። ከሞተሩ የወጣውን የተቃጠለ ዘይት እዚያ መሙላትም ቁጠባ አይደለም።

ቀጥሎ ከማጣሪያው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን የጎማ ቱቦ ይፍቱ። ነጩን ጨርቅ ጣትዎ ላይ ጠቅልለው የቱቦውን ውስጥ ይጥረጉ። ጨርቁ ንጹሕ ከወጣ እሰየው። ቡናማ አቧራ ይዞ ከወጣ፣ በጣትዎ ሲያሹትም ከሻከረ፣ ሞተሩ አፈር ሲበላ ከርሟል። ቱቦውን አጥፈው ይዩት፣ ስንጥቅ ካለው ይቀይሩት። በላስቲክና በሲባጎ የታሰረ ቱቦ ስንት ጊዜ አይቻለሁ መሰለዎት! ጫፍና ጫፉን የሚያጠብቁትን ፋሸታዎችም ይቀይሯቸው። ዋጋቸው ከአንድ ጎማ ማስለጠፊያ ብዙም አይርቅም።

ሁሉንም ከገጠሙ በኋላ አንድ ሙከራ ይቀራል። ሞተሩን ያለ ጭነት በዝግታ ያስነሱት። አየር የሚገባበትን አፍ በልሙጥ ጣውላ ይክደኑት፣ በእጅዎ አይሁን። ሞተሩ ወዲያው ታፍኖ ሊጠፋ ይገባል። እየሠራ ከቀጠለ በሌላ ቀዳዳ አየር እየሰረቀ ነው። ቀዳዳውን ሳያገኙ እርሻ አይግቡ።

ማጣሪያው የወረቀት ዓይነት ከሆነ ደግሞ በናፍጣም በቤንዚንም አይታጠብም። መዳፍ ላይ ቀስ ብሎ መታ መታ ማድረግ ነው። ጎማ ቤት አየር ካለ ከውስጥ ወደ ውጭ በቀስታ ይነፋ። ብርሃን ላይ ይዘው ሲያዩት ቀዳዳ ካለው ይጣላል።

በዚያው ቀን የሞተር ዘይቱንና የዘይት ፊልትሮውን ይቀይሩ። ከዚያ በኋላ በየ100 የሥራ ሰዓቱ ይቀየር። በበጋ እርሻ ይህ አሥር ቀን ቢሆን ነው። የማጣሪያው ጣሳ ግን አቧራ ባለበት ጊዜ በየማለዳው ይታይ። አሁን በጥር አፈሩ ደረቅ ነውና ነገ ዛሬ አይበሉ።

ሲጨርሱ አሥር ሰዓት ያህል ያርሱበትና ዘይቱን ይለኩ። በአሥር ሰዓት ከአንድ ሊትር በላይ ከበላ ጋራዡ ልክ ነው፣ ፋሻው አልቋል። ያም ቢሆን አያስደነግጥዎ። በሚያውቁት ሞተር ላይ ፋሻና ካሚቻ ማስቀየር፣ የማያውቁትን ትራክተር ከነሕመሙ ከመግዛት ያንሳል። ከአንድ ሊትር በታች ከበላ ግን ጭሱ ቀንሶ፣ ጉልበቱም ተመልሶ ይህን ዘመን ያርስልዎታል።

አሁን ትንሽ ልቆጣ። ለእርስዎ ብቻ አይደለም፣ በየሄድኩበት የማየው ነው። ሾፌሩን በሄክታር እየከፈላችሁ ትራክተሩን እንዲንከባከብ ትጠብቃላችሁ። ማጣሪያ ሲያጥብ ያጠፋት እያንዳንዷ ግማሽ ሰዓት ከኪሱ ነው የምትወጣው። ታዲያ ለምን ያጥባል? በማለዳ ለምታልፈው ግማሽ ሰዓት ለብቻ ይክፈሉት። ደብተርም ይስጡት፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የጨመረውን ዘይት ይጻፍበት። ያን ጊዜ «በየጊዜው» የሚባል ነገር አይኖርም።

አዳማ ወዳለው ትራክተር ስንመጣ፣ ስለ ቀለሙና ስለ ጎማው ነግረውኛል። ደላላውም ያሳየዎት እነሱን ነው። የእርስዎ አካባቢ ከካዱ (የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት) ዘመን፣ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ትራክተር ያረሰበት ነው። አሰላም አዳማም ማሲን ጨለማ ውስጥ የሚፈታ መካኒክ አይጠፋም። ቤላሩስም ቢሆን በደርግ ጊዜ ናዝሬት ስለተገጣጠመ የሚያውቀው አለ። ከነዚህ መካኒኮች ለአንዱ የቀን አበል ከፍለው ይዘውት ይሂዱ። የቀን አበሉ ከሚያድነው ኪሳራ ጋር አይወዳደርም። ሻጩ ሳይጠብቃችሁ በማለዳ ድረሱ። ሞተሩን በእጅ ንኩት። ሞቆ ካገኛችሁት ቀድሞ አስነስቶታል፣ ጠዋት ሲነሳ የሚያሳፍር ነገር አለው ማለት ነው። ሲሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈቱ። እንደ ድስት እንፋሎት ቡፍ ቡፍ ካለ ፋሻው የለም። ነጩ ጨርቅም ይሂድ፣ እዚያም ቱቦውን ይጥረግ። የሰዓት ቆጣሪውን አትመኑት፤ የፔዳሉን ጎማና ማረሻ የሚታሰርበትን ቀዳዳ እዩ። ቀዳዳው ሞላላ ሆኖ ቆጣሪው 2000 ካለ አንዱ ይዋሻል። ሊብሬውንም ከባንክ ዕዳ ነፃ መሆኑን ሳታጣሩ ቀብድ አትስጡ።

ሎደሩን ይተዉት። መንገድ አንዴ ይወጣል፣ ኩሬም አንዴ ይቆፈራል። ለጥቂት ቀን ሥራ ማሽን በሰዓት ይከራዩ። የራስዎ ከሆነ ዓመቱን ሙሉ ቆሞ የሃይድሮሊክ ዘይት ሲያንጠባጥብ ያዩታል። ቁጥቋጦውን የሰፈሩ ልጆች በመጥረቢያና በዶማ ከጥር እስከ የካቲት ያነሱልዎታል፣ እንጨቱም ይተርፍዎታል።

ያገለገለ ነገር መግዛት ካማረዎት ሞተር የሌለውን ይግዙ። ዲስክ ማረሻ፣ መከስከሻ፣ ተሳቢ፣ የውሃ ቦቴ። ብረት ሕመሙን አይደብቅም። ስንጥቁ፣ ብየዳው፣ የዲስኩ ማለቅ በዓይን ይታያል፤ ጎማው የሚዞርበት ኩሽኔታ ደግሞ ጎማውን አንስተው ሲያወዛውዙት ይናገራል። ለ45 ሄክታር ሁለተኛ ተሳቢ ከሁለተኛ ትራክተር በፊት ያስፈልግዎታል። አጨዳ ላይ አንዱ ሲሞላ ሌላው ሲራገፍ ትራክተሩ ቆሞ አይጠብቅም።

የፊታችን ቅዳሜ ማጣሪያውን ይፍቱት። ጨርቁ ምን ቀለም ይዞ እንደወጣና በአሥር ሰዓት ስንት ዘይት እንደበላ ይጻፉልኝ። ሞተሩ ይውረድ አይውረድ የምንነጋገረው ያን ጊዜ ነው።