«ተሰረቅሁ» ወይስ «ተዘረፍሁ»?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ መምህር። ጎንደር ውስጥ ፍርድ ቤት አጠገብ ተቀምጬ ለሰው አቤቱታ እጽፋለሁ። ስልኩን ያጣውም፣ ቤቱ የተሰበረበትም፣ መንገድ ላይ የተደበደበውም ሲመጣ ‹ተዘረፍኩ› ይለኛል። እኔም እንዳለኝ እጽፋለሁ። አንዳንዴ ወረቀቱ ‹ይኼ ስርቆት ነው፤ አስተካክለሽ ጻፊ› ተብሎ ይመለሳል። አንዳንዱ ባለጉዳይ ደግሞ ‹ጠንከር ይበል፣ አሸባሪ ብለሽ ጻፊልኝ› ይላል። ስርቆት፣ ቅሚያ፣ ዝርፊያ፣ ውንብድና፣ ሽብር ምንና ምን ናቸው? ስለ ግድያም እንደዚሁ ቢያስረዱኝ። ‹ስርቆት›ስ በየትኛው ‹ሰ› ነው የሚጻፈው?»

መልስ፦ እንደምን ከረሙ። እርስዎ የሚጽፉት ቃል መዝገብ ውስጥ ይገባል። መዝገብ ውስጥ የገባ ቃል ደግሞ ሰው ያሳስራል፣ ሰው ያስፈታል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

አማርኛ የሰው ንብረት መውሰድን ለአንድ ግስ ብቻ አልተወውም። እንዴት እንደተወሰደ አይቶ ነው ስም የሚያወጣው። ባለቤቱ ሳያይና ሳያውቅ ከሆነ «ሰረቀ» ነው። ከእጁ ላይ፣ ዓይኑ እያየ ከሆነ «ቀማ» ወይም «ነጠቀ» ነው። ገበያ ግርግር ውስጥ የሰው ኪስ የሚገባው «ኪስ አውላቂ» ነው። ከኋላ መጥቶ አንገት የሚያንቀው ወይም የሚመታው «ማጅራት መቺ» ነው። አደራ ተቀብሎ የካደው «እምነት አጎደለ» ይባላል፤ በአፉ አሳምኖ የወሰደው «አታለለ»፣ በከተማው አነጋገር «አጭበረበረ» ይባላል። የመንግሥት ወይም የማኅበር ገንዘብ ከሆነ «መዘበረ» ነው። ወጣቶቹ ስለ ስልክ «ላፍ አደረገው» ሲሉም አንድ ነገር እየነገሩን ነው፤ ፍጥነቱን።

«ሰረቀ» ዋና ትርጉሙ ድብቅነት ነው። «ሰረቅ አድርጎ አያት» ስንል ምንም የተወሰደ ነገር የለም፤ ሳይታወቅበት ማየቱን ነው የምንለው። ስለዚህ ጩቤ ተደግኖበት ገንዘቡን የሰጠ ሰው «ተሰረቅሁ» ቢል ቃሉ አይሸከመውም። ያ ሰው ሁሉን አይቷል፤ ችግሩ መከልከል አለመቻሉ ነው።

ሕጉም የሚያየው ይህንኑ ነው። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ ስርቆትን በአንቀጽ 665፣ ከባድ ስርቆትን በ669፣ ውንብድናን በ670፣ ከባድ ውንብድናን በ671 ለይቶ አስቀምጧል። ስርቆትና ውንብድናን የሚለያቸው የዕቃው ዋጋ አይደለም። ሰው ላይ ኃይል ወይም ከባድ ዛቻ ነበረ ወይ? ይኼ ነው ጥያቄው። ሃምሳ ብር በጩቤ መቀበል ውንብድና ነው። ሰው በሌለበት ቤት ገብቶ ብዙ ሺህ ብር ማውጣት ስርቆት ነው፤ ከባድም ሊሆን ይችላል፣ ግን ስርቆት ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ያጸደቀው ዓለም አቀፍ የወንጀል አመዳደብም እንደዚሁ ያደርጋል። ንብረት ላይ ብቻ የተፈጸመው አንድ ክፍል፣ ሰው ተመትቶ ወይም ዛቻ ተሰንዝሮበት ንብረት የተወሰደበት ሌላ ክፍል ነው።

«ዘረፈ» ነው እንግዲህ ሰዉን ሁሉ የሚያሳስተው። ይህ ግስ ሁለት መልክ አለው። አንዱ ኃይል ነው፤ ጦር ገብቶ አገር ሲዘርፍ። ሌላው ብዛት ነው፤ ምንም ሳያስቀሩ ማውጣት። ሰውዬው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ቤቱ ባዶ ሆኖ ቢያገኘው «ቤቴ ተዘረፈ» ይላል። እንደ አማርኛ ትክክል ነው፤ ቤቱ ተጠርጎ ተወስዷልና። መዝገቡ ላይ ግን ያው ቃል «ኃይል ነበረ» ተብሎ ሊነበብ ይችላል። ወረቀትዎ ተመልሶ የሚመጣው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። የቅኔ አገር ሰው ነዎትና አንድ ነገር በቅንፍ ልጨምር፦ ቅኔም «ይዘረፋል»። ፎካሪም «ዘራፍ!» ይላል። ሁሉም ላይ የጉልበትና የሙላት ስሜት አለ፤ ወንጀል የሚሸተው አንዱ ብቻ ነው። ይህን ያህል ሰፊ ቃል ለአቤቱታ ብቻውን አይበቃም።

የእኔ ምክር ይህ ነው፦ ስም ከመስጠትዎ በፊት ድርጊቱን ይጻፉ። «በቀን እንዲህ ፒያሳ አካባቢ ተዘረፍኩ» ከሚል አንድ መስመር ይልቅ እንዲህ ቢሆን፦ «ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ከፒያሳ ወደ ቤቴ ስሄድ ሁለት ሰዎች ከኋላዬ መጡ። አንዱ አንገቴን አንቆ ያዘኝ። ሁለተኛው ‹ብትጮህ እወጋሃለሁ› አለኝ፤ ስልኬንም ከጃኬቴ ኪስ አወጣ።» እዚህ ውስጥ «ዝርፊያ»ም «ውንብድና»ም የለም። ግን መርማሪው አንቀጹን ለማግኘት አይቸገርም። ማነቁ አለ፣ ዛቻው አለ፣ የሰዎቹ ቁጥር አለ፣ ሰዓቱና ቦታው አለ።

ይህ ለፍርድ ቤት ብቻ የሚጠቅም አይደለም። ወንጀል የሚያጠኑ ሰዎችም ከመዝገብ የሚፈልጉት ይኼንኑ ነው። ሎውረንስ ኮኸንና ማርከስ ፌልሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1979 ያቀረቡት ሐሳብ ዛሬም ብዙ ይሠራበታል። ወንጀል እንዲፈጸም ሦስት ነገር በአንድ ቦታና ሰዓት መገናኘት አለበት ይላሉ፦ ለመውሰድ የቆረጠ ሰው፣ የሚመች ዒላማ፣ የጠባቂ አለመኖር። እስቲ ይህን ወደ ጎንደር እናምጣው። በጥምቀት ዕለት ፋሲል መዋኛ ዙሪያ ያለው ሕዝብ ለኪስ አውላቂ ምቹ ነው። ሰው ከሰው ተጣብቋል፣ ዓይን ሁሉ ታቦቱ ላይ ነው፣ እጅ ኪስ ቢገባ ግፊያ ይመስላል። ማጅራት መቺ ደግሞ ይህን ሕዝብ ይሸሻል። እሱ የሚፈልገው ጭር ያለ፣ መብራት የሌለበት መንገድ ነው። ለአንደኛው መድኃኒቱ ግርግሩ ውስጥ የሚቆም ጥበቃና የሕዝቡ ጥንቃቄ ነው። ለሁለተኛው የመንገድ መብራትና የማታ ቅኝት ነው። ሁለቱም መዝገብ ላይ «ዝርፊያ» ተብለው ከተጻፉ የከተማው ፖሊስ ሰውን የት እንደሚያቆም፣ አምፖሉን የት እንደሚሰቅል ከመዝገቡ ሊያውቅ አይችልም። ለዚህ ነው ነገሩን አጥብቄ የያዝኩት።

«እገታ» እና «ጠለፋ»ንም እንዲሁ ይለዩልኝ። ሰውን ይዞ ለመልቀቂያው ገንዘብ መጠየቅ በዛሬው አነጋገር እገታ ነው። ጠለፋ በእኛ አገር ከጋብቻ ጋር የቆየ ቃል ነው፤ ሕጉም በአንቀጽ 587 ሴትን ለማግባት ብሎ መጥለፍን ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ልጁ የታገተበት አባት «ተጠለፈብኝ» ካለዎ ስንት ተጠየቀ፣ በማን ስልክ ተጠየቀ ብለው ይጠይቁት። መልሱን ከነዝርዝሩ ያስፍሩት።

አሁን ወደ «አሸባሪ» ልምጣ። እዚህ ላይ ልለምንዎት ነው፦ ባለጉዳዩ ስለተቆጣ ብቻ ይህን ቃል አይጻፉለት።

አገራችን የስያሜን ክፉ ታሪክ ታውቃለች። «ሽፍታ» የሚለው ቃል «ሸፈተ» ከሚለው ነው፤ ለገዢ አልገዛም ብሎ ጫካ መግባት። የቋራው ካሳ ኃይሉ ሸፍቶ ነበር፤ በ1847 ዓፄ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። «ወንበዴ» መንገድ ጠብቆ የሚገፍ ሰው ነበር፤ ሕጉም ዛሬ ውንብድና የሚለው በኃይል መውሰድን ነው። በደርግ ጊዜ ግን መንግሥት የሚዋጉትን ሁሉ ወንበዴ ይል ነበር። ያኔ ቃሉ የድርጊት ስም መሆኑ ቀርቶ የጠላት ስም ሆነ። የጠላት ስም የሆነ ቃል ለመርማሪም ለዳኛም ምንም አይነግርም።

«ሽብር» መነሻው «ተሸበረ» ነው፤ በድንጋጤ መበተን፣ መረበሽ። ቃሉ ልብን ነው የሚያየው። ወንጀሉም እንዲሁ ነው። ተራ ገዳይ ዓላማው የገደለው ሰው ነው። አሸባሪ ግን የሚመታው አንዱን ነው፤ የሚፈልገው ወሬውን የሚሰማውን ሁሉ ነው። ጎንደር ይህን ከማንም በላይ ታውቀዋለች። በ1969 እና 1970 በቀይ ሽብር ዘመን ልጇ የተወሰደባት የጎንደር እናት ለአስተዳዳሪው አለችው የሚባለውን ሁላችንም እናስታውሰዋለን፦

መላኩ ተፈራ የእግዜር ታናሽ ወንድም፣
የዛሬን ማርልኝ ሁለተኛ አልወልድም።

በሁለት ስንኝ ሽብር ምን እንደሆነ እንዲህ ያስረዳ ሌላ ጽሑፍ አላውቅም። እናቲቱ የምትለምነው ስለ አንድ ልጅ ነው። የምትሰጠው ግን ገና ያልተወለዱትን ነው። ፍርሃቱ ከተያዘው ልጅ አልፎ ማኅፀን ድረስ ገብቷል።

ዛሬ በሥራ ላይ ያለው አዋጅ ቁጥር 1176/2012 ድርጊቱን ብቻ አይቶ ሽብር አይልም። ፖለቲካዊ፣ ሃይማኖታዊ ወይም ርዕዮተ ዓለማዊ ዓላማን ለማራመድ፣ ሕዝብን ለማሸበር ወይም መንግሥትን ለማስገደድ ታስቦ መሆን አለበት። ስልክ የቀማ ጎረምሳ ይህ የለበትም። ምንም ያህል ቢያስደነግጥ ቀማኛ ነው። አዋጁ ራሱ ሰላማዊ ሰልፍና የሥራ ማቆምን ከሽብር የለየበት ቦታ አለው፤ ቃሉ እንዳይለጠጥ ማለት ነው። እርስዎም እንዳይለጠጥ ያግዙ።

በዚያው ላይ «ሌባው»፣ «ወንበዴው» እያሉ ገና ያልተፈረደበትን ሰው አይጥሩ። «ስልኬን የወሰደው ሰው» ይበሉ። ከተያዘ ተጠርጣሪ፣ ከተከሰሰ ተከሳሽ፣ ከተፈረደበት በኋላ ጥፋተኛ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብት ሰጥቶታል። ድሮ በሌባ ሻይ አንድ ልጅ የሚጠጣ ተሰጥቶት ሲንገዳገድ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባል ነበር። ያ ሰው ምን እንዳደረገ የጠየቀው አልነበረም፤ ስሙ ብቻ ተለጠፈበት።

ስለ ግድያ የጠየቁት በጣም ያሳስበኛል። በየዜናው «በጥይት ተመትቶ ሕይወቱ አለፈ» እንሰማለን። «ሕይወቱ አለፈ» ለታመመ ሰው የሚባል የጨዋ አነጋገር ነው። የገደለ ሰው ካለ «ተገደለ» ነው የሚባለው። ገዳዩ ከታወቀ ደግሞ «እገሌ ገደለው» ይባል። ሟቹን ለማክበር ብለን ገዳዩን ከዓረፍተ ነገሩ እናስወጣዋለን፤ ይህ ለሟቹ ክብር አይመስለኝም። «ነፍስ ማጥፋት» የሚለው ቃል ሰፋ ይላል፤ ሾፌር በቸልተኝነት ሰው ቢገጭም «ነፍስ አጠፋ» እንላለን። ሕጉ እዚህም ደረጃ አለው። ከባድ የሰው ግድያ በ539፣ ተራ የሰው ግድያ በ540፣ ቀላል የሰው ግድያ በ541፣ በቸልተኝነት የተፈጸመው በ543 ነው። ተራው ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል፤ ቀላሉ ከ5 ዓመት በማይበልጥ ቀላል እስራት ያልፋል። «ተራ» እና «ቀላል» የሚሉት ቃላት የሟች ቤተሰብ ጆሮ ላይ ይከብዳሉ። የሚመዝኑት ግን የሟቹን ነፍስ ሳይሆን የገዳዩን ሐሳብና ሁኔታ መሆኑን ሲያነቡላቸው ቢያስረዷቸው ደግ ነው።

እንዲህ ያለ አቤቱታ ሲጽፉ በሁለቱ መካከል የነበረውን አይዝለሉት። ማርቪን ቮልፍጋንግ የፊላደልፊያን ከተማ ግድያዎች አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1958 ያወጣው ሥራ አብዛኞቹ ሟቾች ገዳያቸውን ያውቁት እንደነበር አሳይቷል፤ ወዳጅ፣ ዘመድ፣ ሚስት፣ ባል። እኛም አገር «በመካከላቸው ደም አለ» የሚባለው ለዚህ ነው። የወሰን ጠብ ነበር? ከዚያ በፊት ዛቻ ነበር? ሽማግሌ ገብቶ ነበር? እነዚህን ይጻፉ። ዛሬ «ይገድለኛል» ብላ ለምትመጣ ሴትም ይህንኑ ያድርጉላት፤ ከዚህ በፊት መቼ እንደመታት፣ በምን እንደመታት፣ ምን ብሎ እንደዛተ ከነቃሉ ያስፍሩላት።

የቀሩት ሁለት ጥቃቅን ነገሮች ናቸው። «ስልኬን ተሰረቅሁ» እና «ስልኬ ተሰረቀብኝ» ሁለቱም ትክክለኛ አማርኛ ናቸው። ለአቤቱታ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ «-ብኝ» ጉዳቱ በማን ላይ እንደደረሰ በግልጽ ያሳያል።

«ስርቆት» የሚጻፈው በእሳቱ «ሰ» ነው። በግዕዝ «ሰረቀ» በእሳቱ «ሰ» ሌብነት ነው፤ «ሠረቀ» በንጉሡ «ሠ» ወጣ፣ ታየ ማለት ነው፤ ፀሐይ የምትወጣበት «ምሥራቅ» ከዚያ ነው የመጣው። ስለዚህ አቤቱታዎ ላይ «ሥርቆት» ብለው አይጻፉ።