ግራፊክስ ካርድ ሲሰካ ጠቅ ብሎ የሚጠፋ ዴስክቶፕ
ከፍኖተ ሰላም የጻፍክልኝ ወንድምአለም፣ ያገለገለ ጂቲኤክስ 1060 ግራፊክስ ካርድ ገዝተህ ስትሰካው ፋኑ ሁለት ሰከንድ ዞሮ ጠቅ ብሎ ይጠፋል፣ ካርዱን ስታወጣው ደግሞ በማዘርቦርዱ ኤችዲኤምአይ ምንም እንዳልሆነ ይነሳል፣ ያየልህ ልጅም "ካርዱ ተቃጥሏል ሌላ ግዛ" ብሎሃል። እንዳትገዛ! እኔ የምጠረጥረው ፓወር ሰፕላዩን ነው፣ የግድግዳውን መብራት ቀይሮ ለኮምፒውተሩ ክፍሎች የሚያከፋፍለውን ሳጥን። ፋኑ እየዞረ ስክሪኑ ብቻ ቢጠቁር ኖሮ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚሰራው ፕሮግራም) ወይ የሞኒተሩ ገመድ ነው እልህ ነበር፣ እንዲህ ጠቅ ብሎ ሲጠፋ ግን አብዛኛውን ጊዜ ፓወሩ አልቻልኩም እያለህ ነው።

ከምንም በፊት ገመዱን ከግድግዳው ንቀል። ነቅለህ የኬዙን ማብሪያ አስር ሰከንድ ያህል ተጭነህ ያዝ። ፓወር ሰፕላዩን በፍጹም እንዳትከፍተው፣ 220 ቮልት ሆኖ የገባው ውስጡ ከ300 ቮልት በላይ ይሆናል፣ ካፓሲተሩ (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ክፍል) ደግሞ ከተነቀለም በኋላ ይዞት ይቆያል።

በፎቶህ ላይ ያናደደኝ ነገር አለ። የካርዱን ባለ 6 ፒን የፓወር መሰኪያ የሰካልህ ለሃርድ ዲስክ ፓወር ከሚሰጠው የሳታ ገመድ በወጣ አዳፕተር ነው፣ ቢጫው ሽቦ የሚገባበት ጋ ፕላስቲኩ ለስልሶ ጎብጧል። ሳታ ላይ ለ12 ቮልት ያሉት ሶስት ፒኖች ናቸው፣ እያንዳንዱ 1.5 አምፒር፣ በጠቅላላው 54 ዋት። ባለ 6 ፒኑ ግን እስከ 75 ይጠይቃል። ይሄ ቤት የሚያቃጥል ስራ ነው፣ ነቅለህ ጣለው፣ ለሌላ ሰውም አትስጠው።

አሁን የፓወሩን ስቲከር አንብብ። በትልቁ 500 ዋት የሚለውን ተወው፣ 12 ቮልት የሚለው ስር ስንት አምፒር እንዳለ እይና በ12 አባዛው። 16 ካለ ለዋናው ስራ ያለህ 192 ዋት ብቻ ነው፣ ካርዱም ፕሮሰሰሩም በዋናነት የሚበሉት ከዛ መስመር ነው። ካርዱ 120፣ ፕሮሰሰሩ 65 ቢሆን ገና ዲስክና ፋን ሳይቆጠር 185 ደረስን፣ ካርድ ደግሞ ለቅጽበት ከተጻፈበት በላይ ይስባል። ቤት ውስጥ ምጣድ ሲሰካ አምፖሉ ድክም ይል የለ? እንደዛው ነው፣ አምፖል ግን ደብዝዞም ቢሆን ይበራል፣ ኮምፒውተር 12ቱ ከ11.4 በታች ከወረደበት ይንገዳገዳል፣ ሲብስ መከላከያው ይቆርጠዋል። ከኬዝ ጋር አብሮ የሚሸጠውን ርካሽ ፓወር በእጅህ አንሳው እስኪ፣ ባዶ ቆርቆሮ ይመስላል፣ እሱን ነው 500 ብለው የሚለጥፉበት።

ስለዚ የራሱ ባለ 6 ፒን ያለው ደህና ፓወር ከጓደኛ ወይ ከጌም ቤት ተዋስ። ገመዶቹን አብረህ ውሰድ፣ የአንዱን ፓወር ገመድ ሌላው ላይ እንዳትሰካ፣ ቅርጹ ቢገጥምም የፒኑ አደራደር ሊለያይ ይችላል። ሞኒተሩን ካርዱ ላይ ሰካና አብራ። ከተነሳ አለቀ፣ 12 ቮልቱ ላይ 30 አምፒርና ከዛ በላይ ያለው ግዛ። ካልተነሳ እንደገና ከግድግዳው ንቀልና የካርዱን ወርቃማ ጥርሶች በንጹህ ላጲስ ቀስ ብለህ ጥረግ፣ እስኪይዝ ተጭነህ መልሰው። ከዛም እምቢ ካለ በሌላ ኮምፒውተር ሞክረው፣ እዛም ካጠፋው ያኔ ካርዱ ሾርት ነው፣ ልጁ እውነቱን ነው።

የድሮውን ፓወር ግን ልጠግነው ብለህ ብሎኑን እንዳትነካ። የስቲከሩን ፎቶ ላክልኝ፣ አምፒሩን አይቼ እነግርሃለሁ።