ጳጉሜን 6 ቀን የቆመው ፕሮግራም

በሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ ዋርካ ሥር ተቀምጠው ኮድ የሚጽፉ ወጣቶች አንዳንድ ጊዜ "ጋሼ፣ የትኛውን የፕሮግራም ቋንቋ ብንማር ይሻላል?" ይሉኛል። የጀመራችሁትን ጨርሱ እላለሁ። ከዚህ የረዘመ መልስ የለኝም፤ እኔ እንጀራ የበላሁበትን ቪዥዋል ቤዚክ 6 ዛሬ ስሙን የሚያነሳው ጥቂት ነው። የምነግራችሁ ሌላ ነገር አለኝ።

በ1995 ዓ.ም. እዚሁ ከተማ ለአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር የሒሳብ ፕሮግራም ሠራሁ። ቤቴ ቁጭ ብዬ ጨርሼ፣ አስረክቤ፣ ገንዘቤንም ተቀብያለሁ። አንድ ሐሙስ ጠዋት በጥድፊያ ተጠራሁ። ማግስቱ እንቁጣጣሽ ነው፤ በግ የሚገዛው፣ ለልጆቹ ልብስ የሚያስበው ሁሉ ቁጠባውን ሊያወጣ ተሰልፏል። ፕሮግራሙ ግን "የተሳሳተ ቀን" ብሎ አሻፈረኝ ብሏል። ገንዘብ ያዧ ወይዘሮ በመነጽራቸው አናት ቀና ብለው አዩኝና፣ "ልጄ፣ ዘንድሮ ሉቃስ አይደለም እንዴ?" አሉኝ።

ቀኑ ጳጉሜን 6 ነበር። እኔ ጳጉሜን ከ5 እንዳታልፍ አድርጌ ጽፌያለሁ። ስሌቱ የአንድ መስመር ሥራ ነው፤ ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ሲካፈል 3 ከተረፈ ዘመኑ ሉቃስ ነው፣ ጳጉሜንም 6 ቀን አላት። ወይዘሮዋ ይህን ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁታል። አልጠየቅኋቸውም።

ቀጥሎ የባሰውን አደረግሁ። ሰልፉ አስደንግጦኝ "5 ብላችሁ አስገቡት" አልኩ። ደረሰኙ 6 ይላል፣ ኮምፒውተሩ 5 ይላል፤ የረቡዕ ሒሳብ ደግሞ አስቀድሞ ተዘግቷል። በዓሉን የጎረቤት ዶሮ ወጥ እየሸተተኝ ደረሰኝ ከመዝገብ ሳመሳክር ዋልኩ። ኮዱን ማረም ሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም። በእኔ ፈቃድ የገባውን የውሸት ቀን ማጽዳት ግን እስከ መስቀል ወሰደብኝ።

ከዚያ ወዲህ ሥራ ስቀበል መጀመሪያ ወንበር ስቤ ከሠራተኛው ጎን እቀመጣለሁ። በአንድ ክሊኒክ ካርድ ክፍል እንዲህ ተቀምጬ ሳለ የአንዲት ታካሚ ሦስት ካርድ ወጣ፤ ዓለምፀሐይ፣ አለምጸሀይ፣ ዓለምጸሃይ። ለጆሯችን አንድ ስም ነው። ለኮምፒውተሩ ግን ፀ እና ጸ በዩኒኮድ (ኮምፒውተር ለየፊደሉ ቁጥር በሚሰጥበት ሰንጠረዥ) የየራሳቸው ቁጥር ስላላቸው እንደ ለ እና መ ይለያያሉ። የካርድ ክፍሏ ልጅ ማን በየትኛው ፊደል እንደሚገኝ በደብተር ጀርባ ጽፋ ይዛ ነበር! የፍለጋውን ሕግ የሠራሁት ከዚያ ደብተር ነው፤ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ከነእርባታቸው፤ ከዚያም ሃ ወደ ሀ፣ ኣ ወደ አ። ይህ ለብቻው ለፍለጋ በሚያገለግል ዓምድ ይቀመጣል እንጂ ስሙን አይነካም። የሰው ስም ባለቤቱ እንደጻፈው ይቆይ፤ እናንተ አታርሙለት።

የሚቀጥለው ጳጉሜን 6 በ2019 ዓ.ም. ነው። የጻፋችሁትን ፕሮግራም ዛሬውኑ በዚያ ቀን ሞክሩት።