የበረራ ሲሙሌተር ቴክስቸር፦ ከድሬዳዋና ከሐረር የመጡ ጥያቄዎች

የድሬዳዋን አውሮፕላን ማረፊያና የሐረርን ጀጎል በሲሙሌተር፣ ማለትም በኮምፒውተር ላይ አውሮፕላን እንደሚበር አድርጎ በሚያሳየው ፕሮግራም፣ ውስጥ አምረው ማየት የምትፈልጉ ቁጥራችሁ በርክቷል፤ ደስ ብሎኛል። ከተማን የሚያውቃት ሰው ካልሠራት ሌላው እንደሚገባት አይሠራትም። ስለ ቴክስቸር፣ ማለትም በአውሮፕላን ወይም በሕንፃ ሞዴል ላይ እንደ ልብስ ስለሚጠለቀው ምስል፣ የጠየቃችሁኝን ከዚህ በታች እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ በስልኬ ያነሳሁትን 3000 በ2000 ፒክስል ፎቶ ሳስገባ ሕንፃው ጥቁር ሆኖ ቀረ። ምክንያቱ ምንድን ነው? (ከሳቢያን)

መልስ፦ መጀመሪያ መጠኑን ተመልከት። የምስሉ ጎኖች 2ን በራሱ እየደጋገሙ በማባዛት ከሚገኙት ቁጥሮች መሆን አለባቸው፦ 256፣ 512፣ 1024፣ 2048፣ 4096። እርስ በርስ እኩል መሆን ግን አይጠበቅባቸውም፤ 2048 በ1024 ይሠራል። ፎቶውን በጊምፕ፣ በምስል ማረሚያው ፕሮግራም፣ ከፍተህ ወደዚህ መጠን ስታመጣው ቁመቱ ተጨፍልቆ ይታይሃል፤ አትደንግጥ። ሞዴሉ የምስሉን ቦታ የሚይዘው በፒክስል ቁጥር ሳይሆን በድርሻ ስለሆነ፣ ግድግዳው ላይ ሲያርፍ ወደ ልኩ ይመለሳል። የአውሮፕላን ምስል ከሆነ ጠርዙን ፈጽሞ አትቁረጥ፤ በሩም መስኮቱም ከቦታው ይንሸራተታል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ላፕቶፔ አሮጌ ነው፤ የግራፊክስ ካርዱ ሜሞሪ 2 ጊጋባይት ብቻ ነው። ሁሉንም ምስል በ4096 ብሠራው ይከብደዋል? (ጡረታ ከወጡ የምድር ባቡር ሠራተኛ፣ ከዚራ)

መልስ፦ ይከብደዋል ጋሼ። 4096 በ4096 የሆነ አንድ ምስል ሳይታመቅ 64 ሜጋባይት ይወስዳል። ዲዲኤስ የሚባለው የምስል ፋይል ሆኖ ዲኤክስቲ5 በሚባለው የማመቂያ ስልት ሲታመቅ 16፣ ዲኤክስቲ1 በሚባለው ደግሞ 8 ይሆናል። ያው ምስል ወደ 1024 ቢወርድ በዲኤክስቲ5 1 ሜጋባይት ብቻ ነው። መለኪያዎ ዓይን ይሁን፤ አብራሪው አጠገቡ የሚቆምበት የተርሚናል በር 2048 ይገባዋል፣ ከአየር ላይ ብቻ የሚታይ የቆርቆሮ ጣሪያ ግን በ256 ያምራል። ሚፕማፕ የሚባሉትን፣ ለርቀት የሚያገለግሉትን አነስተኛ ቅጂዎች፣ አይተዉአቸው። ሜሞሪውን በሲሶ ያህል ይጨምራሉ፤ ያለ እነርሱ ግን ጣሪያው ከሩቅ ይብለጨለጫል።

ጥያቄ፦ የኢትዮጵያ አየር መንገድን ኪው400 አውሮፕላን ስቀባ፣ በጭራው ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ የሚገናኙበት ጠርዝ ይቆሽሻል። በጊምፕ ውስጥ ግን ጥርት ያለ ነው። (ከመጋላ)

መልስ፦ ከሁሉም የወደድኩት ጥያቄ ይህ ነው። ዲኤክስቲ1 ምስሉን 4 በ4 ፒክስል በሆኑ ትንንሽ ካሬዎች ይከፋፍለዋል። ለእያንዳንዱ ካሬ የሚያስቀምጠው ሁለት ቀለም ብቻ ነው፤ ሌሎቹን ሁለት በእነዚያ መካከል አስልቶ ያወጣቸዋል። በአንድ ካሬ ውስጥ ሦስቱም ቀለሞች ከተገናኙ ቦታ የሚያጣ አለ፤ ቢጫው ከአረንጓዴና ከቀይ ተቀላቅሎ ቡናማ ይሆናል። ዲኤክስቲ5ም ቀለምን የሚያምቀው በዚሁ ስልት ስለሆነ አያድንህም፤ ብልጫው ግልጽነትን በሚይዘው አልፋ ቻናል ላይ ነው። ስለዚህ ጭራው ያለበትን ምስል ብቻ ለይተህ፣ ሌየሮቹን፣ ማለትም የሥዕሉን ንብርብሮች፣ ከያዘው የጊምፕ ፋይልህ ላይ በእጥፍ መጠን መስመሮቹን እንደገና ሥራቸው፤ ያኔ ካሬው ከመስመሩ አንጻር ያንሳል። ሲሙሌተርህ የሚቀበል ከሆነም ያን አንዱን ፋይል ሳታምቀው አስቀምጠው። የተዘጋጀን ምስል ዝም ብሎ ማሳደግ ዋጋ የለውም፤ ያልነበረ ዝርዝር አይፈጠርም። የታመቀን ዲዲኤስ ከፍቶ አርሞ እንደገና ማመቅ ደግሞ ጉዳቱን ያባብሳል። ማረሙ ሁሉ በጊምፕ ፋይሉ ላይ ይለቅ፣ ዲዲኤስ የመጨረሻው እርምጃ ይሁን።

ጥያቄ፦ የጀጎልን ቤቶች ግድግዳ በየትኛው ሰዓት ፎቶ ላንሳ? (ከሐረር)

መልስ፦ እህቴ፣ ፀሐይ ግድግዳውን በቀጥታ በማትመታበት ሰዓት አንሺ። ሲሙሌተሩ የራሱን ብርሃንና ጥላ ይሠራል፤ በፎቶው ላይ የቀረ ጥላ ካለ ጠዋት ልክ የመሰለው ቤት ከሰዓት በኋላ ሁለት ፀሐይ የወጣበት ይመስላል። መኪና ግርግር በሚባለው ቦታ ዙሪያ ያሉት ጠባብ መንገዶች ለዚህ ይመቻሉ፤ አንዱ ግድግዳ ለሌላው ጥላ ይሆነዋል። ፊት ለፊት ቆመሽ አንሺ። ግድግዳው አጠገብ ነጭ ወረቀት አስይዘሽ አንድ ፎቶ ጨምሪ፤ በኋላ ሮዙንና አረንጓዴውን ስታስተካክዪ መነሻ ይሆንሻል። የሰው ቤት ነውና ባለቤቱን አስፈቅጂ።

ጥያቄ፦ የደቻቱን ወንዝ አሸዋ አንድ የ1024 ምስል እየደጋገምኩ አነጠፍኩት፤ ከላይ ሲታይ መስመር መስመር ሠራ። (ከሳቢያን)

መልስ፦ በጊምፕ ምስሉን በአግድምም በቁምም 512 ፒክስል አንሸራትተው። ጠርዞቹ መሃል ላይ ይገናኛሉ፤ ስፌቱን በማከሚያው ብሩሽ አጥፋው። ከዚያ ዓይን የሚስበውን ሁሉ አውጣ፦ አንዲት ጥቁር ድንጋይ ወይም የባጃጅ ጎማ ፈለግ በየምስሉ ስትደጋገም ወንዙን ሁሉ ታጋልጠዋለች።

ጥያቄ፦ «የኢትዮጵያ» የሚለው ጽሑፍ በግራ ጎን ይነበባል፣ በቀኝ ጎን ግን በመስታወት እንደሚታይ ተገልብጧል። (ከገንደ ቆሬ)

መልስ፦ ሞዴሉን የሠራው ሰው ለሁለቱም ጎኖች አንድ የምስል ክፍል ተጠቅሟል። ምስል በማረም አይስተካከልም፤ ሞዴሉን በብሌንደር፣ በሞዴል መሥሪያው ፕሮግራም፣ ከፍቶ ለቀኙ ጎን የራሱን ክፍል መስጠት ያስፈልጋል። የሌላ ሰው ሥራ ከሆነ አስቀድመህ ፈቃዱን ጠይቅ።

ጥያቄ፦ በማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር ኤክስ ምስሌ ተዘቅዝቆ ይታያል፤ 4096ም አድርጌው ደብዛዛ ነው። (ከሐረር)

መልስ፦ ያ ሲሙሌተር ዲዲኤስ ምስልን ተዘቅዝቆ ነው የሚጠብቀው፤ ከማስቀመጥህ በፊት በቁም ገልብጠው። ድብዘዛው ከማዋቀሪያ ፋይሉ ነው፦ ቴክስቸር ማክስ ሎድ የሚለው መስመር ከመጀመሪያው 1024 ላይ ስለተቀመጠ ከዚያ የሚበልጠውን አሳንሶ ያነበዋል። 4096 ብለህ አስተካክለው፤ በሲሙሌተሩ ውስጥ የግራፊክስ ምርጫዎችን በነካህ ቁጥር ወደ 1024 ሊመለስ ስለሚችል ፋይሉን ደግመህ እየከፈትህ ተመልከት።