የብረት አር መርምሬ እንጀራ ይወጣልኛል ወይ?

ጠያቂያችን ከደብረ ብርሃን የጻፈች የጂኦሎጂ ተመራቂ ተማሪ ናት። ለመመረቂያ ጽሑፏ ርዕስ ስታፈላልግ፣ በጃፓን ጥንታዊ የመቃብር ጉብታዎች ውስጥ የተገኘ የብረት አር (ብረት ሲቀለጥ ወይም ሲቀጠቀጥ የሚወጣው ዝቃጭ) በማዕድን ምርመራ እንዴት እንደተጠና አነበበችና ልቧ እዚያው ቀረ። አባቷ ግን «ይህን ሁሉ ዓመት ያስተማርኩሽ የቀጥቃጭ ጥራጊ እንድትለቅሚ ነው?» አሏት። «ጋሼ፣ ወደ አርኪዮሎጂ ልቀይር ወይስ እንደ ጓደኞቼ የማዕድን ኩባንያ በር ላንኳኳ?» ትላለች።

እህቴ፣ የትምህርት ክፍልሽን አትቀይሪ። አርኪዮሎጂን ንቄ አይደለም። አንቺን የማረከሽ ሥራ የሚሠራው በጂኦሎጂስት ዓይን ስለሆነ ነው።

ያነበብሽውን ጉዳይ እንየው። ጃፓኖች ከ3ኛው እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን (እ.ኤ.አ.) ለሹማምንቶቻቸው የሠሯቸው የመቃብር ጉብታዎች ኮፉን ይባላሉ። በ6ኛውና በ7ኛው ክፍለ ዘመን ከተሠሩት መካከል፣ በተለይ በፉኩዎካና በኦካያማ፣ ከሟቹ ጋር የብረት አር የተቀመጠባቸው አሉ። ሰይፍና ዶቃ ቢሆን ይገባናል፤ ቆሻሻ ለሟች ማስቀመጥ ምን ይባላል? ብዙዎቹ አጥኚዎች የተቀበረው ሰው ከብረት ሥራ ጋር ግንኙነት ነበረው ብለው ይተረጉሙታል። በነገራችን ላይ ጃፓንኛው ካናኩሶ ነው፤ ቃል በቃል ሲፈታ የብረት አር። እኛና እነሱ ሳንገናኝ አንድ ስም አውጥተንለታል።

ነገሩ ትልቅ የሆነው በዘመን ጥያቄ ነው። ጃፓኖች መጀመሪያ ብረት ያገኙ የነበረው ከኮሪያ ልሳነ ምድር ነው። ታዲያ ራሳቸው ማቅለጥ የጀመሩት መቼ ነው? ሜዳ ላይ ወድቆ የተገኘ የብረት አር ዘመኑን አይናገርም። መቃብር ውስጥ ሲገኝ ግን አብሮት ያለው ሸክላ ዘመኑን ይነግርለታል። የቀረው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይህ አር ከማቅለጫ ምድጃ የወጣ ነው ወይስ ከቀጥቃጭ ምድጃ? ቀጥቃጭ ከሌላ አገር በመጣ ብረትም ይሠራል፤ ማቅለጫ ካለ ግን ብረቱ የአገር ልጅ ነው። ለዚህ መልስ የሚሰጠው ማይክሮስኮፕ ነው።

ቁራጩን በአልማዝ መጋዝ ትቆርጫለሽ፤ በረዚን (በሚደርቅ ሙጫ) ታቅፊውና መስታወት እስኪመስል ትወለውይዋለሽ። በአንጸባራቂ ብርሃን (ከናሙናው ገጽ በሚነጥር ብርሃን) ስታዪው ፋያላይት (የብረትና የሲሊካ ማዕድን) ግራጫ ዘንግ ዘንግ ሆኖ ተጋድሟል። በመሀሉ ቩስታይት (የብረት ኦክሳይድ) እንደ ጥድ ቅርንጫፍ ነጣ ብሎ ተዘርግቷል። የቀረውን ቦታ ጠቆር ያለ መስታወት ሞልቶታል። ፋያላይት በ1205 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይቀልጣል፤ ንጹሕ ብረት ግን 1538 ይፈልጋል። በጥንቱ ምድጃ አሩ ፈስሶ ሲወጣ ብረቱ ሳይቀልጥ እንደ ስፖንጅ ከውስጥ የሚቀረው ለዚህ ነው። የጃፓን የብረት አሸዋ ታይታኒየም ስላለበት፣ በአሩ ውስጥ ኡልቮስፒነል (የብረትና የታይታኒየም ኦክሳይድ) ካየሽ የአሸዋ ማቅለጫ ዝቃጭ ነው ወደማለት ታዘነብያለሽ። ታይታኒየሙ አንሶ ቩስታይት ከበዛ ደግሞ ወደ ቀጥቃጩ።

ግን አትቸኩይ። በኦካያማ ቀደም ካሉት ማቅለጫዎች አንዳንዶቹ የሚጠቀሙት አሸዋ ሳይሆን የብረት ድንጋይ ነበር፤ እዚያ ታይታኒየም ማነሱ ብቻውን ምንም አይፈርድም። የአካባቢውን ዐለት ሳያውቅ የላብራቶሪ ቁጥር ብቻ የሚያነብ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። አንቺ የምትበልጪውም እዚሁ ላይ ነው። የጃፓንን የኮፉን አር በሰፊው ከመረመሩት አንዱ ኦሳዋ ማሳሚ የብረት ሥራ ባለሙያ ናቸው።

አሁን ወደ እንጀራው። «የጥንት ብረት መርማሪ ይፈለጋል» የሚል የሥራ ማስታወቂያ አገር ቤት አይቼ አላውቅም፤ አንቺም ብትጠብቂ አታዪም። ነገር ግን ያንን ናሙና ወልውሎ በአንጸባራቂ ብርሃን ማንበብ የወርቅና የመዳብ ማዕድን የሚመረመርበት ሙያ ራሱ ነው። ማዕድንንና ንጥረ ነገርን በኤክስሬይ የሚለዩት ኤክስአርዲና ኤክስአርኤፍም የሲሚንቶ ፋብሪካ የጥራት ቁጥጥር ክፍል የሚሠራባቸው መሣሪያዎች ናቸው። ስለዚህ የጓደኞችሽን በርም አንኳኪ። ደመወዝ እየበላሽ እጅሽን አፍታቺ፣ ሁለት ዓመትም ቢሆን። ለሁለተኛ ዲግሪ ኤቮራ ዩኒቨርሲቲ (ፖርቹጋል) እና የለንደኑ ዩሲኤል ዩኒቨርሲቲ በጥንታዊ ቁሶች ሳይንስ የታወቁ ናቸው። ጃፓን ከሆነ ምኞትሽ፣ የጃፓን መንግሥት የሜክስት ስኮላርሺፕ በኤምባሲው በኩል ያልፋል። የሚያመለክቱት ብዙ ናቸው፤ ከውጤት ወረቀት በተጨማሪ የሠራሽውን ይዘሽ ቅረቢ።

አንድ የራሴን ውድቀት ልንገርሽ። ወጣት ሳለሁ አንድ ላብራቶሪ ውስጥ ሦስት ሳምንት ሙሉ የወለወልኳቸው ናሙናዎች ነበሩ። ከረጢቶቹ ላይ የተጻፈው በውኃ ጠፍቶ ነበርና የትኛው ከየትኛው ጉድጓድ እንደወጣ የሚያውቅ ጠፋ። አለቃዬ ምንም አላለኝም፤ ሁሉንም ሰብስቦ ባልዲ ውስጥ ጨመረው። በመቃብር ጉብታ ሲሆን ይብሳል። አሩ ከሟቹ አጠገብ ተቀምጦ ነበር ወይስ ጉብታው ሲሞላ ከአፈሩ ጋር ድንገት ገባ? ይህን የሚያውቀው ቆፋሪው ነው፤ እሱ ካልመዘገበው የአንቺ ማይክሮስኮፕ አይመልሰውም። ለዚህ ስትይ አንድ የአርኪዮሎጂ ኮርስ ውሰጂ፤ ከተቻለ አንድ ክረምት ቁፋሮ ላይ ዋዪ።

ደብረ ብርሃን ስላለሽ አንድ ማስጠንቀቂያም አለኝ። በሰሜን ሸዋ፣ መሻለ ማርያምን ጨምሮ፣ ከ10ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን (እ.ኤ.አ.) የነበረው የሻይ ባህል የሚባለው ሕዝብ የመቃብር ጉብታዎች አሉ። ቅርብ ናቸው ብለሽ ቅዳሜ ቦርሳ ይዘሽ እንዳትሄጂ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ አይቆፈርም፤ ፈቃዱን የሚሰጠው የቅርስ ባለሥልጣኑ ነው። ናሙና ለምርመራ ወደ ውጭ መላክም እንዲሁ ፈቃድ ይፈልጋል።

አባትሽን አልቀየማቸውም። ቀጥቃጭ የሚለው ቃል በእኛ አገር ስድብ ሆኖ ስንት ዘመን ኖሯል። በጎረቤታችን ሱዳን ስላለችው ጥንታዊ ከተማ ስለ ሜሮዌ አጫውቻቸው። እዚያ የብረት አሩ ክምር ከማየሉ የተነሳ የአንበሳ ራስ ያለው አምላክ የአፔደማክ ቤተ መቅደስ የተሠራው በአር ክምር አናት ላይ ነው።

ለመመረቂያሽ መቃብር አያስፈልግሽም። ማረሻ የሚሠራ ቀጥቃጭ ፈልጊና ከወናፉ ፊት ለፊት፣ ከምድጃው ሥር የረጋውን አር ለምኚው፤ ከታች እንደ ድፎ ዳቦ ጎበጥ ያለ ነው። ብረቱ ከየት እንደመጣ፣ ከሰሉ ከምን እንጨት እንደሆነ ጠይቂና እዚያው ጻፊ። ከዚያ ቆርጠሽ ወልውይና እዪው። ምን እንደተሠራበት አስቀድመሽ ስለምታውቂ፣ ማይክሮስኮፑ እውነቱን መናገር አለመናገሩን ትፈትኚበታለሽ። ፎቶውን ላኪልኝ፤ ስኬሉን (የመጠን መለኪያውን) ከሥር ማስቀመጥ እንዳትረሺ።